ያነሳናትን ኤሊ የት እንመልሳት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሲገባ ወደዚህ አምድ የሚላኩ ደብዳቤዎች ይለወጣሉ። በበጋው ስለ ውሻና ስለ ዶሮ ሲጠይቁ የከረሙ አንባቢያን፣ ሣሩ አድጎ ጓሮው ሲሸፈን ስለ እባብ፣ ስለ ኤሊና ስለ አርጃኖ መጻፍ ይጀምራሉ። የዚህ ወር አምስት ደብዳቤዎች ሁሉም ከሐዋሳና ከዙሪያዋ የመጡ ስለሆኑ አሳጥረን በአንድነት አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሾፌር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአርባ ምንጭ ሲመለስ መንገድ ዳር ያገኛትን፣ ቅርፊቷ ቢጫማና ጥቁር ዝንጉርጉር የሆነ ኤሊ ለልጆቹ ብሎ ይዞላቸው መጣ። ልጆቹም እንዳትጠፋባቸው የቅርፊቷን ጠርዝ በምስማር በስተው በሲባጎ አሰሯት፤ እኔ ያወቅሁት ከተበሳ በኋላ ነው። የምናበላት የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ወተት የነካው ዳቦና አንዳንዴም ሙዝ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መብላት ቀንሳለች፣ ከአፍንጫዋ ፈሳሽ ይወርዳል፣ በቀዳዳው ዙሪያም መጥፎ ሽታ አለ። ትልቋ ልጄ «ሐይቁ ዳር ወስደን ውሃ ውስጥ እንልቀቃት» ትላለች። ምን ይመክሩኛል? (የሦስት ልጆች እናት፣ ከታቦር)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ሲባጎው ዛሬውኑ ይፈታ። የኤሊ ቅርፊት ከላይ የተደረበ ልብስ አይደለም፤ ከአከርካሪዋና ከጎድን አጥንቶቿ ጋር አብሮ ያደገ፣ ደም የሚዞርበትና ሕመም የሚሰማው ሕያው አጥንት ሲሆን፣ ላዩን የሸፈነው ስስ ሽፋን ብቻ ነው ከእኛ ጥፍር ጋር የሚመሳሰለው። ስለዚህ ምስማሩ የገባው አጥንቷ ውስጥ ነው። ኤሊ ስለማትጮኽ ልጆቹ እንዳመማት ሊያውቁ አይችሉም ነበርና አይቆጧቸው፤ ይልቅ ቁስሉን ሲያጥቡ አጠገብዎ አስቀምጠው ያሳዩዋቸው። ቀዳዳውን ፈልቶ ለብ ባለ የጨው ውሃ ካጠቡ በኋላ በውሃ በቀጠነ ቤታዲን ጠርገው በንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑት፤ ዝንብ ካረፈበት በሁለት ቀን ውስጥ ትል ሊፈጠርበት ይችላል። ሽታው ቁስሉ እንዳመረቀዘ ስለሚያመለክትና የአፍንጫው ፈሳሽም የመተንፈሻ አካል ሕመም ምልክት ስለሆነ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። አንገቷን ዘርግታ አፏን ከፍታ መተንፈስ ከጀመረች ደግሞ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ከቅርፊቷ ቢጫማና ጥቁር ዝንጉርጉርነት በመነሳት፣ የጻፉልኝ በስምጥ ሸለቆው ቆላማ ስፍራዎች የምትኖረው ነብር መሰል የየብስ ኤሊ ናት። ይህች እንስሳ ሣር በል ናት። አንጀቷ የተሠራው ደረቅና ጭረት የበዛበትን ሣር ቀስ ብሎ ለማብላላት በመሆኑ፣ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ወተቱና ሙዙ ሆዷን እያቦካ ሲያስቀምጣት ኖሯል። ከእንግዲህ አብዛኛው ምግቧ ሰርዶና ሌላ የሜዳ ሣር ይሁን፤ እሾሁ የተላጠ የቁልቋል በለስ ቅጠል ቢጨመርበት ደግሞ በጣም ትወደዋለች። ሥጋና የውሻ ምግብ ፈጽሞ አይስጧት፤ በከተማችን እንደ ልብ የሚገኘው አቮካዶም ብዙ እንስሳትን ስለሚመርዝ አጠገቧ አይድረስ። ለአጥንቷ ጥንካሬ የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለው፣ አድርቀውና ወቅጠው በሣሩ ላይ በጥቂቱ ይነስንሱላት። ውሃዋ ጠፍጣፋና ዝቅ ባለ ሣህን፣ አገጯን ብቻ በሚያስነካ ጥልቀት ይቅረብላት።

ፀሐይ ለእርሷ ግማሽ መድኃኒት ናት። የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ካላገኛት፣ ሰውነቷ ካልሲየምን ወደ አጥንት የሚያስገባውን ቫይታሚን ዲ ማዘጋጀት አይችልም፤ በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ብርሃንም ለዚህ አይጠቅማትም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ ሌሊቷ ለቆላ ኤሊ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ደረቅ ጭድ በተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ ትደር። እርጥበትና ብርድ አንድ ላይ ሲያገኟት ነው አፍንጫዋ የሚፈሰው።

አሁን ወደ ልጅዎ ሐሳብ እንምጣ። ልቧ ደግ ነው፤ ነገር ግን የየብስ ኤሊ ሐይቅ ውስጥ ከገባች የምትጠብቃት ሞት ናት፤ እግሯ ለምድር እንጂ ለዋና የተሠራ አይደለም። ኤሊ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሚመስለን ይህን ስሕተት ብዙ ሰው ይሠራዋል። በሐይቁ ዳር ባለው ቁጥቋጦ ወይም በታቦር ተራራ ላይ መልቀቅም መፍትሔ አይሆንም፤ የታመመች ኤሊ በሽታዋን ለሌሎች ታስተላልፋለች፣ ከለመደችው አገር ውጭ የተለቀቀችም ቦታዋን ፍለጋ ስትንከራተት መኪና መንገድ ላይ ትወጣለች። የሚሻለው ታክማ ከዳነች በኋላ የዱር እንስሳት ጥበቃን ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማስታወቅና ባለቤትዎ ያነሷት ስፍራ በትክክል የት እንደሆነ መንገር ነው። ሾፌሮች የመንገዱን እያንዳንዱን ኩርባ ያውቃሉና ባለቤትዎ ቦታውን አይረሱትም ብዬ አምናለሁ። በሕግም በኩል ቢሆን፣ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትን ይከለክላል።

ኤሊ ከመንገድ ዳር ባትነሳ የምለው ግን ስለ ሕጉ ብቻ አይደለም። ይህች ዝርያ በዱር እንቁላል ለመጣል ከ10 ዓመት በላይ ማደግ አለባት። በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 30 እንቁላል ቀብራ ትሄዳለች፤ ጫጩቶቹ ከመሬት የሚወጡት ከስምንት ወር እስከ ዓመት ከመንፈቅ ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ከእነርሱም ለአቅመ እናትነት የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ አንዲት ትልቅ ሴት ኤሊ በአይሱዙ ተጭና ስትሄድ፣ የሚጎድለው ገና ለብዙ አሥርት ዓመታት ትጥለው የነበረው እንቁላል ሁሉ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዓመታት በፊት ከዝዋይ ወደ ሐዋሳ ስመለስ አስፋልት የምታቋርጥ ኤሊ አየሁና፣ መኪና እንዳይደፈጥጣት ብዬ እስከ ደረቴ ድረስ ብድግ አደረግኋት። ወዲያው ጫማዬን ያራሰ ብዙ ውሃ ለቀቀች። ፈርታ ሸናች ብዬ አለፍኩት። ኋላ ስማር ነው የገባኝ፤ ኤሊ በፊኛዋ የምታጠራቅመው ውሃ የደረቁ ወራት ስንቋ ነው፣ ያን ቀን ያስፈሰስኩትም ስንቋን ነበር። መንገድ ላይ ያለች ኤሊን ማሻገር ግድ ከሆነ፣ በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ከመሬት ብዙ ሳያርቁና ሳያዘነብሉ፣ ፊቷን ወዳዞረችበት አቅጣጫ ያሻግሯት። ወደ መጣችበት ከመለሷት ተመልሳ አስፋልቱን መያዟ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል የውሃ ኤሊ በትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ አምጥቶልኝ ነበር። ከዓይኗ ኋላ ቀይ ሰረዝ አላት። አሁን የድስት ክዳን አክላለች፤ ዓይኗ አብጧል፣ ቅርፊቷም ሲነኩት ይለሰልሳል። መታጠቢያ ቤት ባለ ገንዳ ውስጥ ነው የምትኖረው። ሐይቃችን እንዲህ በቅርብ እያለ እዚያ ብለቃት አይሻላትም? (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ ለእርሷ ሊሻላት ይችል ይሆናል፤ ለሐይቁ ግን አይሻለውም። ይህች ባለ ቀይ ሰረዝ ኤሊ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ስትሆን፣ ባለቤቶቿ እየሰለቹ በየሐይቁ በለቀቋት መጠን በብዙ አገሮች ተስፋፍታ፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ካወጣው የ100 ከባድ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። እምቦጭም ጣናን ከማስጨነቁ በፊት አበባው የሚያምር የሩቅ አገር ተክል ብቻ ነበር። በአገራችን ኩሬና ረግረግ የሚኖር የራሳችን የውሃ ኤሊ አለን፤ እርሱ ሲፈራ አንገቱን ወደ ጎን አጥፎ በቅርፊቱ ጠርዝ ሥር ይሸጉጠዋል፣ የእርስዎዋ ግን ቀጥ አድርጋ ወደ ውስጥ ትስበዋለች። ሁለቱ በአንድ ውሃ ሲገናኙ ምግብ፣ የፀሐይ መሞቂያ ድንጋይና በሽታ ይጋራሉ። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በወንዝ የሚወጣ መፍሰሻ የሌለው ነው፤ የገባበት ነገር ከውስጡ አይወጣም።

የዓይኗ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ከቫይታሚን ኤ እጥረት፣ የቅርፊቷ መለስለስም ከፀሐይና ከካልሲየም እጥረት ይመጣል። ዓሣን ከነአጥንቱ ከትፈው፣ ጎመንና የተፈቀፈቀ ካሮትም ጨምረው ይስጧት፤ ወጥታ የምትደርቅበት ድንጋይ በገንዳው ውስጥ ያኑሩላት፤ ገንዳውንም ከመታጠቢያ ቤት አውጥተው ግማሹ ፀሐይ ግማሹ ጥላ በሆነ በረንዳ ላይ ያድርጉት። ውሃው ቶሎ ቶሎ ይቀየር፤ የሚደፋውም ወጥ ቤት ባለው መታጠቢያ አይሁን። ኤሊዎች ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የተባለውን የተቅማጥ ተሕዋስ ስለሚይዙ፣ ዩናይትድ ስቴትስ በ1975 እ.ኤ.አ. ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ኤሊዎችን ለቤት መሸጥ የከለከለችው ሕፃናት ወደ አፋቸው እየከተቱ ስለታመሙባት ነበር። ከነኳት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ኤሊዋ ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለችና፣ ማቆየት ካልቻሉ የሚችል ሰው ይፈልጉላት እንጂ ወደ ሐይቁ አይውሰዷት።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቱላ ነው፤ ጓሯችን እንሰት ነው። ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ማታ ከብት ሊያስገባ ሲወጣ እፉኝት እግሩን ነደፈችው። በገመድ አጥብቀን አስረን፣ ቁስሉን በምላጭ በጣ በጣ አድርገን፣ ጥቁር ድንጋይ አስቀመጥንበት፤ ሐኪም ቤት የደረሰው በማግስቱ ነው። ሕይወቱ ተርፏል፣ እግሩ ግን ተቆርጧል። ከዚያ ወዲህ በጓሮ የምናየውን እባብ ሁሉ እንገድላለን። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በየጥጉ እንበትናለን፤ ነጭ ጋዝም እንረጫለን። ሌላ የምናደርገው ነገር አለ? (የቤተሰብ ኃላፊ፣ ከቱላ)

መልስ፦ በጎረቤትዎ ላይ የደረሰው በጣም አሳዝኖኛል። ያደረጋችሁትንም ሁሉ እርሱን ለማዳን በመጨነቅ እንዳደረጋችሁት አውቃለሁ፤ እንዲያም ሆኖ ሦስቱም ነገሮች እግሩን የሚጎዱ እንጂ የሚያድኑ አልነበሩም። የእፉኝት መርዝ በተነደፈው ቦታ ዙሪያ ሥጋን የሚያሳብጥና የሚገድል ነው። በገመድ ሲታሰር መርዙ በአንድ ስፍራ ተጠራቅሞ ይቆያል፣ ደምም ወደ እግሩ መውረዱን ያቆማል፤ ስለዚህ ሥጋው በመርዙም በደም እጦትም ይሞታል። በምላጭ መብጣት የደም መፍሰስንና ምርቀዛን ይጨምራል፤ ጥቁሩ ድንጋይም መርዝ አይስብም።

ሰው ሲነደፍ መጀመሪያ ከእባቡ ራቅ አድርጉት፤ እባቡን ለመግደል ስትሞክሩ ሁለተኛ ሰው ይነደፋልና ተዉት፣ ጭንቅላቱ የተቆረጠ እባብ እንኳ ለተወሰነ ጊዜ መንከስ ይችላል። እብጠቱ ሳይጀምር ጫማ፣ ቀለበት፣ አምባርና የጠበበ ሱሪ ይውለቅ። የተነደፈውን እግር እንደ ተሰበረ እግር በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፤ ሰውየው አይራመድ፣ በቃሬዛም ሆነ በባጃጅ ተጭኖ ይሂድ። መርዝ ማርከሻው የሚሰጠው በሐኪም እጅ ብቻ ነው፤ በየጤና ጣቢያው ላይገኝ ስለሚችልም አንዱ ሰው አስቀድሞ ስልክ እየደወለ፣ ሌሎቻችሁ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ገስግሱ። ጸሎቱም ጠበሉም በመንገድ ላይና በአልጋው አጠገብ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱን ግን አይውሰድ። ከርቀት በስልክ ፎቶ ማንሳት ከተቻለ ለሐኪሙ ይጠቅማል። በቆላማ አገራችን መርዝ የሚተፉ እባቦችም ስላሉ፣ ዓይን ውስጥ የገባ መርዝ ሳይታሽ በብዙ ንጹሕ ውሃ ወዲያው ይታጠብ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የሐሩር አገር በሽታዎች ጋር መድቦታል፤ በድርጅቱ ግምት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይነደፋሉ፣ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ የሚሆኑትም ይሞታሉ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ እንደ ጎረቤትዎ የእርሻ ሰዎች ናቸው።

ስለ መግደሉ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ካለፈው በኋላ ሁሉንም ብትፈሩ አያስገርምም። ነገር ግን ከምትገድሏቸው ብዙዎቹ መርዝ የሌላቸው ይመስለኛል። ለምሳሌ በጎተራና በጣሪያ ሥር የሚገኘው ቡናማው የቤት እባብ በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ሁለት ፈዘዝ ያሉ መስመሮች አሉት፤ አይጥን ጠምጥሞ አንቆ ይውጣል፣ ሰውን የሚጎዳ መርዝ የለውም። እርሱን ስትገድሉ አይጡ ይበዛል፣ የአይጡ ብዛት ደግሞ እፉኝቷን ይጠራል። ይህን የምለው እባብ እንድትለዩና እንድትይዙ አይደለም፤ የማታውቁትን እባብ ሁሉ መርዘኛ ነው ብላችሁ ራቁት፣ ራሱ እስኪሄድም መንገድ ስጡት።

ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ እባብ አያባርሩም፤ ነጭ ጋዙ ደግሞ አፈሩንና ዶሮዎቹን ይጎዳል። የሚረዳው አድካሚ ሥራ ነው። ከደጃፍ እስከ ከብቶች ማደሪያ ያለው መተላለፊያ ሣሩ እየታጨደ ባዶ ይሁን። የማገዶ ክምር ከቤቱ ግድግዳ ይራቅ፤ የደረቀው የእንሰት ቅጠልም ከግንዱ ሥር አይከማች። እህሉ አይጥ በማያገኘው ዕቃ ይቀመጥ። እፉኝት እንደ ሌሎች እባቦች ሰው ሲመጣ አትሸሽም፤ ቀለሟን ተማምና ዝም ብላ ትተኛለች፣ የምትነድፈውም ሲረግጧት ነው። ስለዚህ በጨለማ ባትሪና ቦት ጫማ ሳይዙ መውጣት ይቅር። የጎረቤትዎን እግር ሊያተርፍ ይችል የነበረው ይህ ነበር።

ጥያቄ፦ አሞራ ገደል ዓሣ እናጠምዳለን። አርጃኖ ዓሣችንን ይሰርቃል፣ መረብም ይቀዳል፤ ቤት ሲመጣ የዶሮ እንቁላል ይጨርሳል። አንዳንዶች የአዞ ልጅ ነው ይላሉ። ብንገድለው ምን ችግር አለው? (አጥማጅ)

መልስ፦ አርጃኖ የአዞ ልጅ አይደለም፤ የእንሽላሊት ወገን ነው፣ እንዲያውም አዞ ባለበት አገር የአዞን እንቁላል ቆፍሮ ይበላል። በሐይቁ ዳር የበሰበሰ ዓሣ፣ የሞተ እንስሳና አይጥ እየበላ፣ አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ የተወውን ያጸዳል። ሴቷ ዝናብ ካረሰረሰው በኋላ የምስጥ ኩይሳ ቆፍራ እንቁላሏን ትጥልበታለች፣ ምስጦቹም ቀዳዳውን መልሰው ይደፍኑላታል፤ ኩይሳው ሙቀቱንና እርጥበቱን ጠብቆ ያቆይላታል። በቆዳው ምክንያት በዓለም ገበያ ስለሚፈለግ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የገባችበት የዱር እንስሳት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ንግዱን ይቆጣጠራል። ዓሣ የተያዘበት መረብ ዳር ላይ አይደር፤ የዓሣው ሆድ ዕቃና ጭንቅላት መረቡ ከሚሰጣበት ርቆ ይጣል። የዶሮው ቤት ከመሬት ከፍ ብሎ በሽቦ ይታጠር። ማዕዘን አስይዛችሁ ካላሳደዳችሁት አይነካችሁም፤ ከተያዘ ግን በጅራቱ ይገርፋል፣ ንክሻውም ያመረቅዛል።

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አያቴ «የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወለዳሉ፣ እናቲቱም ትሞታለች» ትለኛለች። እውነት ነው? (ከመናኸሪያ)

መልስ፦ ውድ ተማሪ፣ አያትሽ የነገሩሽ ከብዙ ትውልድ ሲወርድ የመጣ ነገር ነው፤ ግማሹም ትክክል ነው። አብዛኞቹ እባቦች እንቁላል ይጥላሉ፤ እፉኝት ግን ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። እንቁላሎቹ በሆዷ ውስጥ ያድጋሉ፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ልጆች ትወልዳለች፤ በአንድ የቼክ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ግን አንዲት እፉኝት 156 ወልዳለች። ሆድ መቅደዱ ግን የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ታሪኩ የመጣው ሰዎች ያረገዘች እፉኝት በዱላ ሲገድሉ፣ ከተቀደደው ሆዷ ሕይወት ያላቸው ልጆች ሲወጡ በማየታቸው ነው። እናቲቱን የገደላት ዱላው ነበር።

በአገራችን ከ200 የሚበልጡ በደረታቸው የሚሳቡ የእንስሳት ዝርያዎች አሉ፤ ገና ያልተጠኑም ብዙ ናቸው። በባሌ የሀረና ደን የምትገኝ አንዲት የእፉኝት ዝርያ ለሳይንስ ስም ያገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭም የለችም።

እፉኝት ስትወልድ ሆዷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ልጆቿን አንድ በአንድ ታወጣለች። እያንዳንዱ በቀጭንና ግልጽ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣና፣ ጥቂት ቆይቶ በአፍንጫው እየገፋ ሽፋኑን ይቀዳል። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ መርዙ ግን ያኔውኑ የተዘጋጀ ስለሆነ ትንሽ ናት ብለሽ እንዳትነኪ። ልጆቹ ወዲያው በየፊናቸው ሣር ውስጥ ይበተናሉ፤ እናቲቱም ደህና ሆና እዚያው ጥላዋ ሥር ተኝታ ታርፋለች።